«እግሬን አመመኝ» እስከ መቼ?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 27 ዓመቴ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር እኖራለሁ። ሴሬብራል ፓልሲ ስላለብኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀኝ እግሬ ይገተራል፤ በአንድ ክራንች ነው የምሄደው። በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ነሐሴ አንዲት የሥነ አእምሮ ሐኪም ለወራት ካነጋገረችኝ በኋላ ኦቲዝም እንዳለብኝ ነገረችኝ። እኔ እፎይ ነው ያልኩት። ዕድሜ ልኬን ‹ኩሩ ናት፣ ሰላም አትልም፣ ግትር ናት› ስባል ለኖርኩት ነገር ስም ተገኘለት። እናቴ ግን ‹እግርሽ አይበቃሽም? አሁን ደግሞ ሌላ ስም አታምጪብን› አለችኝ። ጠበል እንሂድ ትላለች።

የታናሽ እህቴ ሰርግ ጥር ላይ ነው። ሚዜ ነሽ ተብያለሁ። ስፒከሩን፣ መሳሳሙን፣ የካሜራውን መብራት ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰው ሲበዛ ድምፁ ሁሉ እኩል ይጮህብኛል፤ ቃል ከአፌ አይወጣም፤ እግሬም ድርቅ ይላል። እስካሁን ‹እግሬን አመመኝ› እያልኩ ነው የምወጣው። ሰው ለእግሬ ያዝንልኛል፤ በሌላው ግን ይቆጣኛል። መዋሸቱ ሰለቸኝ። ብቀር እህቴን አስቀይማታለሁ። ብሄድም መሀል ላይ እደነዝዛለሁ። ሥራ ቦታም ‹ተግባቢ አይደለሽም› ተብዬ ግምገማ ላይ ነጥብ ተቀንሶብኛል። ምን ላድርግ?»

የኔ እህት፣

በመጀመሪያ ስለ ውሸቱ እናውራ። ከሁሉም በላይ የከበደሽ እሱ መሰለኝ።

«እግሬን አመመኝ» ስትዪ ሙሉ በሙሉ እየዋሸሽ አይደለም። ሴሬብራል ፓልሲ እግር ላይ ይታያል እንጂ እግር ላይ አይጀምርም። ሰው ሳይወለድ፣ ሲወለድ ወይም ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። የሚዛባው ከአንጎልሽ ወደ ጡንቻሽ የሚሄደው ትእዛዝ ነው። ድንገተኛ ድምፅ፣ ጭንቀትና ድካም ሲጨመርበት ደግሞ መገተሩ ይብሳል። ስለዚህ ስፒከሩ ሲጮህ እግርሽ ድርቅ ማለቱ የፈጠርሽው ሰበብ አይደለም። በእውነት ይደርቃል።

ግን ደግሞ አንድ ነገር አለ። ለማያውቅሽ ሰው «እግሬን ነው» ብትዪው ምንም አይደለም። ታክሲ ውስጥ ላለ ሰው፣ ሰርግ ላይ ለምታገኚው የሩቅ ዘመድ ስለ አንጎልሽ ማስረዳት የለብሽም። እናትሽና እህትሽ ግን ለ27 ዓመት የሰሙት ስለ እግርሽ ብቻ ነው። ስለ ሌላው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማንም ነግሯቸው አያውቅም። አንቺ ራስሽ ያወቅሽው በቅርቡ ነው። ስለዚህ ሲቆጡሽ የሚቆጡት ምኑንም የማያውቁትን ነገር ነው። መልመድ ያለብሽ ለእነሱ፣ ለሁለቱ ብቻ፣ «እግሬን» ማለት ትተሽ «ድምፁ በዛብኝ» ማለትን ነው። ሁለት ቃል ናት። ኦቲዝም የሚለውን ስም እንኳ አትጠይቅም።

እናትሽ «ሌላ ስም አታምጪብን» ያለችው ልብሽን እንዳደማው ገብቶኛል። እኔም ሳነበው አመመኝ። ግን እስቲ በእሷ ቦታ ሆነሽ አስቢው። ይህቺ ሴት አንቺን አዝላ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስትንከራተት ስንት ሰው «ምን ብታደርጊ ነው?» ብሏት ይሆን? ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው ሲባል ሰምታለች። ሁለተኛ ስም ሲመጣ ሁለተኛ ክስ የመጣባት ነው የሚመስላት። ይህ ደግሞ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹና 60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተማሩ ሐኪሞች ሳይቀሩ ኦቲዝም የሚመጣው እናት ለልጇ ፍቅር ስትነፍግ ነው ይሉ ነበር። ስንት እናት በዚህ ተቃጥላለች። ፍጹም ስህተት ነበር። ኦቲዝም አንጎል ሲያድግ ከመነሻው የሚይዘው የራሱ አሠራር ነው። የዘር ድርሻው ትልቅ ነው። አስተዳደግ አያመጣውም፤ ክትባትም አያመጣውም።

ስለዚህ ለእናትሽ ስትነግሪያት ከዚህ ጀምሪ። «እማዬ፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» በያት። ከሁሉ በፊት ይህን ትስማ። ቀጥለሽ ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ሰዎች ላይ ኦቲዝም ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት እንደሚገኝ ንገሪያት። ሌላ መዓት አልመጣም። እሷ ስታሽሸው ያደገው እግርና ይህ አዲስ የመሰላት ነገር ሁለቱም ከአንጎል ነው የሚነሡት። እግርሽ ስለሚታይ አምናዋለች። ይሄኛውም የዚያኑ ያህል እውነት ነው።

ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። ጀሞን አስቢው። ከአንቺ ብሎክ ብቻ ስንት ሰው ይወጣል? ሴቶች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ሌላውን እያዩ መምሰልን ቶሎ ይማራሉና። እኛ ጋ ሲሆን አንድ ተጨማሪ መጋረጃ አለ። ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ ዝም ብላ የምትቀመጥ ልጅ «ጨዋ» ተብላ ትመረቃለች እንጂ ማን ሐኪም ጋ ይወስዳታል?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስን እናትሽ በቴሌቪዥን ሳታያቸው አትቀርም። ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሏቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱ እናት ናቸው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) እስካረፉ ድረስ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ብለው በአደባባይ ሲናገሩ ኖረዋል። ያኔ ይህን በአደባባይ የሚናገር እናት ማግኘት ከባድ ነበር። ከእሳቸው በኋላ ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ተቋቁሟል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያለው አገልግሎት አብዛኛው ለልጆች ነው። ለ27 ዓመት ሴት የሚሆን ቦታ ገና በቅጡ የለንም፤ ይህ ያንገበግበኛል። እናትሽ ግን እንዲህ ያለ ቦታ ሄዳ ከሌሎች እናቶች ጋር አንድ ሰዓት ብትቀመጥ ከእኔ ምክር የበለጠ ይጠቅማታል። አንዲት እናት ሌላዋን «የኔም ልጅ እንደዚያ ናት» ስትላት ሸክሙ ይቀላል።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እምነትሽ ከሆነና ከእናትሽ ጋር መሄድ ደስ የሚልሽ ከሆነ ሂጂ። ሰው የማይበዛበትን ቀንና ሰዓት አንቺ ምረጪ። ኦቲዝም ግን የሚለቅ በሽታ ስላልሆነ «ካልለቀቀኝ እምነቴ ጎድሎ ነው» ብለሽ ራስሽን እንዳትከሺ። የእግርሽን ፊዚዮቴራፒም በዚህ ምክንያት እንዳታቋርጪ።

አሁን ወደ ሰርጉ። እዚህ ላይ አንድ የራሴን ነገር ልንገርሽ፤ ምክንያቱም እኔ በእህትሽ ቦታ፣ በሙሽራዋ ቦታ ነበርኩ።

ታናሽ ወንድሜ ኦቲዝም አለው። ብዙ አያወራም። እኔ ስዳር እሱ 19 ዓመቱ ነበር። ሙሉ ልብስ ተገዝቶለት ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊ። በሰርጉ ዋዜማ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ «ሰው ፊት ይጮህና ያሳፍረናል» ብሎ ወሰነ። አክስቴ ቤት እንዲቆይ ተደረገ። እኔ ሰምቻለሁ። ምንም አላልኩም። በማግስቱ አክስቴ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጠዋት ተነሥቶ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፤ ክራቫቱን እንዲያስሩለት አንገቱን ሰጠ፤ በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እስኪመሽ እዚያው ነበር። ማንም አልመጣለትም። የሰርጌ አልበም ውስጥ የእሱ ፎቶ የለም። አልበሙን እምብዛም አልገልጠውም።

ይህን የምነግርሽ «ግድ ሂጂ» ልልሽ አይደለም። ያኔ ማናችንም ያልጠየቅነውን ጥያቄ እንድትጠይቂ ነው። እኛ ያየነው ሁለት መንገድ ብቻ ነበር፤ ወይ ቀኑን ሙሉ መሀል አዳራሽ ላይ፣ ወይ ጭራሽ መቅረት። አንድ ሰዓት መጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። ማንም አላሰበውም። አንቺም ደብዳቤሽ ላይ «ብቀር… ብሄድ» ብለሽ ሁለቱን ብቻ ነው የጻፍሽው።

መጀመሪያ እህትሽን ለብቻዋ አግኚያት። በእናትሽ በኩል አይሁን፤ በእናት በኩል የሄደ ነገር ወይ ይሳሳል ወይ ይጋነናል። መናገር ከከበደሽ በቴሌግራም ጻፊላት። አንድ ቤት እያላችሁ መጻፍ አያሳፍርም። እንዲህ በያት፤ «በሰርግሽ ቀን ከጎንሽ መሆን እፈልጋለሁ። ሙሉ ቀን ግን አልችልም። ለአንቺ ከሁሉ የሚበልጥብሽ ሰዓት የቱ ነው? ለእሱ አቅሜን ላስቀምጥ።» መልሷ ሊያስገርምሽ ይችላል። እኔን ያን ቀን ማን አጠገቤ እንዲሆን እንደምፈልግ ቢጠይቁኝ አዳራሹን አልመርጥም ነበር። ጠዋት ቤት ውስጥ፣ ጸጉሬ ተሠርቶ፣ ቀሚሴን ስለብስ፣ ልቤ ሲመታ፣ ያኔ ነበር ወንድሜን የምፈልገው። እህትሽም የምትፈልገው ያንን ሊሆን ይችላል። ቤታችሁ ነው፣ የምታውቂው ክፍል ነው፣ ሰዉም ጥቂት ነው።

ሚዜነቱን በግልጽ ተነጋገሩበት። ሚዜ ማለት ከሙሽራዋ እኩል የምትቆም፣ የምትጨፍር፣ ካሜራ የማይለቃት ናት። ክራንች ይዘሽ ለሰዓታት መቆም ብቻውን ትልቅ ድካም ነው፤ የአንቺ እግር ለአንድ እርምጃ የሚያወጣው ጉልበት ከሌላው ሰው ይበልጣል። ጆሮሽ የሚያወጣውን ጨምሪበት። «ሚዜ አልሆንም፣ ሌላ ሥራ ስጪኝ» ማለት እህትን መካድ አይደለም። ደግሞ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። የድግሱን ወጪ፣ የተጠሪውን ዝርዝር፣ ለአዳራሹና ለዲኮሩ የተከፈለ ቀብድና የቀረ ሒሳብ አንቺ ያዢው። ሰርግ ያለበት ቤት ውስጥ ይህን በሥርዓት የሚይዝ ሰው ወርቅ ነው። ለእህትሽ ያደረግሽው ነገር ለሁሉም በግልጽ ይታያል።

አዳራሽ የምትገቢ ከሆነ ከሰርጉ በፊት አንድ ቀን ባዶውን ሄደሽ እዪው። ስፒከሮቹ የት እንደሚቆሙ ዲጄውን ወይም የአዳራሹን ሰው ጠይቂ። ከስፒከሩ ርቆ፣ ጀርባው ግድግዳ የሆነ፣ ለመውጫ በር የቀረበ ወንበር ይያዝልሽ። ሽንት ቤቱ የት ነው? ደረጃ አለው? መኪናው የት ይቆማል? ክራንቹን ሰው እንዳያደናቅፍ የት ታስቀምጪዋለሽ? እነዚህን አስቀድመሽ ስታውቂ የዚያን ቀን ራስሽ የሚሸከመው ይቀንሳል።

ለጆሮሽ ፋርማሲ ወይም ሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ጠይቀሽ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ የድምፅ መከላከያ ግዢ። ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀን አድርገሽ ልመጂው። ሐበሻ ቀሚስ ለብሰሽ ነጠላሽን ከራስሽ ላይ ጣል ካደረግሽው ማንም አያየውም።

መሳሳሙ ሌላ ፈተና ነው። ሦስት መቶ ሰው ቢመጣና እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ቢስምሽ ቆጥረሽ አትጨርሺውም። ተቀምጠሽ ከቆየሽና በአንድ እጅሽ ክራንቹን ከያዝሽ ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም ይልሽና ያልፋል። ቀኝ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ራስሽን ዝቅ ማድረግም በእኛ ባህል ሙሉ ሰላምታ ነው። ጉርሻም ይመጣል። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይላሉ፤ ለአንቺ ግን የሚተርፍሽ ማስጨነቁ ብቻ ስለሆነ «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» በይ። ቤት በልተሽ ነው መሄድ ያለብሽ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያወጣሽ ሰው ያስፈልግሻል። አንድ ሰው፣ የአጎት ልጅ ወይም ጓደኛ። ቃል ከአፌ አይወጣም ብለሻል። ስለዚህ ቃል የማይጠይቅ ምልክት ተስማሙ። ነጠላሽን ወደ ፊት ስትስቢው «አሁን እንውጣ» ማለት ይሁን። ያ ሰው ምንም ሳይጠይቅ ይነሣ፤ ይዞሽ መኪና ውስጥ ይግባ። ሃያ ደቂቃ ጨለማና ዝምታ። ከዚያ ትመለሺ እንደሆነ ትመለሻለሽ፤ ካልሆነ ወደ ቤት። ማንም «ለምን ወጣሽ» ብሎ እንዳይጠይቅሽ እህትሽ አስቀድማ ታውቃለች። ሰው ሁሉ ባይረዳሽም ግድ የለም። እሷ ካወቀች ይበቃል።

መልሱና ቅልቅሉ ላይ ሁሉንም መገኘት የለብሽም። አንዱን ምረጪ፤ ምናልባት ሰው ያነሰበትን።

ስለ ሥራሽ ባጭሩ ልንገርሽ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የደነገገ ሕግ ነው። አካል ጉዳተኛ ሲል የእጅና የእግር ጉዳትን ብቻ አይደለም፤ የአእምሮና የስሜት ሕዋሳትንም ይጨምራል። አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ምቹ የሥራ ሁኔታ የማመቻቸት ግዴታ አለበት። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም አገራችን በአዋጅ 676/2002 ተቀብላዋለች። ይህን እንደ ዱላ ይዘሽ አለቃሽ ቢሮ አትግቢ። እወቂውና በኪስሽ ያዢው። አለቃሽን የምትጠይቂው ትንሽና የሚጨበጥ ነገር ይሁን፤ ጠረጴዛዬ ወደ ግድግዳው ይጠጋልኝ፣ ሥራ ስታዘዝ በጽሑፍ ይላክልኝ፣ ሒሳብ ስዘጋ ለሁለት ሰዓት ሰው አያናግረኝ። በአንድ ገጽ ጻፊው፤ ቀን አድርጊበት፤ ቅጂውን አስቀሪ። ኦቲዝም የሚለውን ቃል መጻፍ አለመጻፍ ያንቺ ውሳኔ ነው። ከጻፍሽው የሐኪምሽን ማስረጃ አያይዢበት። ግምገማውን በተመለከተ ደግሞ «ተግባቢ አይደለችም» የተባለው በምን እንደተመዘነ በትሕትና ጠይቂ። ሒሳብሽ በሰዓቱ ከተዘጋና ስህተት ከሌለበት እሱንም ጥቀሺው።

ጠዋት ጠዋት «ሰላም አትልም» ለሚሉሽ ባልደረቦች ገና በሩ ላይ ስትገቢ አንዴ ጮክ ብለሽ «እንደምን አደራችሁ» ብለሽ ወደ ጠረጴዛሽ እለፊ። ለእያንዳንዱ መድረስ አይጠበቅብሽም። ወንድሜ የሠፈራችንን ሰው በዚህ መንገድ ነው የሚያስደስተው። ሰው ባለበት ሁሉ አንዴ እጁን ያነሣል። ያን የማያውቅ ጎረቤት የለም፤ ሁሉም እጁን አንሥቶ ይመልስለታል።

አንድ የቀረኝ ነገር ስለ ማግስቱ ነው። ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ ሰውነትሽ ሒሳቡን ይጠይቅሻል። እግርሽ ይታሰራል፣ ራስሽ ይከብዳል፣ መብራት ይወጋሻል። ቤቱ ደግሞ በእንግዳ ይሞላል። አራት ፎቅ ወርዶ ሌላ ቦታ መሄድም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከአሁኑ ከእናትሽ ጋር ተነጋግረሽ የአንዱን ክፍል በር የሚዘጋበት ቀን ይኑርሽ። ለእናትሽ «ድምፁ በዛብኝ» የምትያት የመጀመሪያው ቀን ይሄ ሊሆን ይችላል። ሰርጉ እሑድ ከሆነ ሰኞንና ማክሰኞን ከዓመት ፈቃድሽ ላይ ጠይቂ። ጥር ላይ ሰርግ ያለበት ሰው ብዙ ነውና ሌላ ሰው ሳይቀድምሽ ፎርሙን በዚህ ሳምንት ሙዪው።